ሞጁል ዘጠኝ፣ አራተኛው ደቂቃ

«ከመስከረም ጀምሮ ለእንቅልፍም ኮርስ ሊወጣለት ነው አሉ።»

ይህን የሚለው ገዳሙ ነው፤ ወረታ በሚገኘው፣ ኮርሶቹን በሚያወጣው የመድረኩ ቢሮ ከእኔ ቀጥሎ ይቀመጣል። ሰኞ ብሎታል። ማክሰኞ ብሎታል። ሐሙስ ደግሞ ወሬውን ለነገረው ሰው ሹመት ጨምሮለት ብሎታል፤ ሰኞ ተራ ሹፌር የነበረው ሐሙስ የሚኒስትር ሹፌር ሆነ። ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ትራሱ ይቆለፍበታል አሉ።

«ትራስ እንዴት ነው የሚቆለፈው?» አልኩት።

«እኔ በምን አውቄ። አሉ ነው የምልሽ።»

«ከወጣ የምሠራው እኔ ነኝ። አንተን ማንኮራፋት ላይ ነው የምጥልህ።»

ጉራ አይደለም። በወረዳችን ከሚሠራባቸው ሠላሳ አንድ ኮርሶች አሥራ ዘጠኙ የእኔ ናቸው። «ቢላ ሦስት» የእኔ ነው፤ የሥጋ ቤት ቢላ ጠዋት ጠዋት ከማንጠልጠያው የሚላቀቀው ባለቤቱ የእሱን ፈተና ሲያልፍ ነው። «ልቅሶ ቤት አገባብ» የእኔ ነው። እኔ ሳልነካው በፊት ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር፣ ሰው ድንኳን በር ላይ ተሰልፎ ጥያቄ ሲመልስ ሬሳው ይወጣ ነበር። ሰባት ደቂቃ አደረግሁት። አሁን ሰው በጊዜ ገብቶ በጊዜ ያለቅሳል። «የጎረቤት ሰላምታ» ግን የእኔ አይደለም። እሱን የሠራው ሰው ጎረቤት ኖሮት የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ራሴ አንድም ሰርተፍኬት የለኝም። ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር እናቴ ደርሳበታለች፤ እኔ አልደረስኩበትም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መኪናዋ የሚዞርላት የዕለቱን ሞጁል ስታልፍ ነው። ስለ ጨርቅ የማታውቀው የለም፤ ጥያቄ ግን ያደክማታል። ስለዚህ እሷ ፊቷን ጥያቄ ለሚያነበው የመፈተኛ መስታወት ሰጥታ ትቀመጣለች፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር እገባና ጥያቄው ሲነበብ መልሱን በጣቴ ጉልበቷ ላይ እመታለሁ። ሀ ከሆነ አንዴ፣ ለ ከሆነ ሁለቴ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የትኛው ጥያቄ በሰነፍ እንደተጻፈ ከመጀመሪያው ቃል እለይ ነበር። ለመድረኩ አቤቱታ መጻፍ ጀመርኩ። መቶ አሥራ አራት ጻፍኩ። ለመቶ አሥራ አራተኛው መልስ መጣ፦ «ካወቅሽ ነይና ሥሪው።» ሄድኩ፤ ሠራሁት። ኮርስ ስለ መሥራት የሚያስተምር ኮርስ የለም። መድረኩ ያችን ቀዳዳ እስካሁን አላያትም፤ እኔም ጣቴን አልቀስርባትም።

ጥር በገባ በአራተኛው ቀን አስተባባሪያችን ወይዘሮ ሶስና ከባሕር ዳር በስክሪኔ ብቅ አሉ። ሲቸኩሉ ሰላምታ ይዘላሉ።

«ስለናት፣ የውሃ አባት ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። በርብ ወንዝ ዳር ያሉ ገበሬዎች ከመሃላቸው አንድ ሰው መርጠው ውሃ እንዲያከፋፍላቸው ያደርጋሉ። የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ የሚቆርጠው እሱ ነው። የራሱ ማሳ የሚጠጣው መጨረሻ ነው።

«ኮርስ የለውም» አሉ። «ኮርስ የሌለው ሥራ ደግሞ ከየካቲት አንድ ጀምሮ ሥራ አይደለም። የቦዩ ዋና በርም ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከፈተው ሰርተፍኬት ላለው እጅ ብቻ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ የሽንኩርት ችግኝ አፍልቶ እየጠበቀ ነው።»

«የአሁኑ የውሃ አባትስ?»

«ኮርሱ የሚገለበጠው ከእሳቸው ስለሆነ ራሳቸው ሊፈተኑ አይችሉም። ደንቡን ታውቂዋለሽ። አምስት የሙከራ ሠልጣኞች አሉሽ፤ አራቱ ካላለፉ ኮርሱ አይጸድቅም። ሁለት ሙከራ ብቻ ነው ያለሽ። ሁለተኛው ከወደቀ እስከ ከርሞ ይዘጋል፤ ችግኙም እዚያው መደቡ ላይ ይቀራል።»

«መቼ ወድቆብኝ ያውቃል?»

«እሱን ነው የምፈራው» ብለው ጠፉ።

የውሃ አባቱን አያ ይግዛውን ያገኘኋቸው ቦይ ዳር ቆመው ነው። ሰባዎቹን ያለፉ፣ ረዘም ያሉ ቀጭን ሰው ናቸው። ዋናው በር ገና ዝግ ስለነበር ከምንጭ የምትመጣዋን ትንሽ ውሃ ለችግኝ መደቦቹ ያከፋፍላሉ። ከኋላዬ ገዳሙ አምስት የመፈተኛ መስታወት ተሸክሞ ያለከልካል፤ ሠልጣኞቹም ተከትለውናል።

«አንች ነሽ ጭንቅላቴን የምትገለብጭው?» አሉኝ።

«ጭንቅላትዎን አይደለም፤ ሥራዎን ነው።»

«ልዩነቱን ስታገኝው ለእኔም ንገሪኝ።» ከዚያ ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን አሳየኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም። አንች በአንድ ቀን አምስት አመጣሽልኝ። ያውም ጫማቸው ንጹሕ ነው።»

«እስከ ማታ አይቆይም፣ አባባ» አለች ከሠልጣኞቹ አንዷ። ትርንጎ ትባላለች፤ እዚያው ቀበሌ ሽንኩርት የምታለማ የሠላሳ ዓመት ሴት፣ አፏ እንደ እኔ የማያርፍ። ወዲያው ወደድኳት።

ቀበሌው ውስጥ ከረምን። ጎህ ሲቀድ ከየቤቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ የሁሉም መስታወት በአንዲት ሴት ድምፅ ነው የሚጠይቀው። ትንሽ ቆይቶ ዶማው፣ አካፋው፣ ማጭዱ ከየማንጠልጠያው ቀጭ ቀጭ እያለ ይለቃል፤ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ከዚያ ሰው ወደ ማሳው ይፈሳል። የወደቀ ሰው እስከ ቀትር ደጁ ላይ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው አያየውም፤ አለማየትም ኮርስ አለው፣ አጭር ነው፣ ሦስት ደቂቃ። እኔ ግን አያለሁ። አጠገቡ ሄጄ «የትኛው ጥያቄ ነው የጣለህ?» እላለሁ። የእኔ ጥያቄ ከሆነ እስከ ማታ አስተካክለዋለሁ። የሌላ ሰው ከሆነ ማን እንደጻፈው እነግረዋለሁ።

ሥራን ፈታትቼ ካልደረደርኩት አይገባኝም። ስምንት ቀን ከአያ ይግዛው እግር ሥር አልጠፋሁም፤ ያደረጉትን ሁሉ ጻፍኩ። ሁለት መቶ አራት ነገር ያደርጋሉ፤ ግማሹን እንደሚያደርጉት ራሳቸውም አያውቁም። ውሃ ከመልቀቃቸው በፊት ጭቃውን ቆንጥረው በጣታቸው ያሻሉ። ቅር ያለውን ሰው ቀድመው በስሙ ይጠሩታል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መሃላቸው አይገቡም፤ ቦዩ ውስጥ ነው የሚገቡት። ሁለት መቶ አራቱን ነጥቦች በዘጠኝ ሞጁል ከፋፈልኳቸው፤ ቦዩን ከማወቅ ተነስቶ፣ በመለካትና በተራ አያያዝ አልፎ፣ ጠብ ላይ የሚያልቅ።

«ጠብን መጀመሪያ አድርጊው» አሉ አያ ይግዛው። «ጠብ ያልቻለ ሰው ቦዩን ቢያውቀው ምን ይረባዋል?»

«ከሁሉ የከበደውን መጀመሪያ ያገኘ ሠልጣኝ በሁለተኛው ቀን አይመጣም።»

«እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ጠብ ነው፤ መጣሁ አይደል?»

«እርስዎ የሚሄዱበት አልነበረዎትም።»

ሳቁ። ጠቡ ዘጠነኛ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ ትክክል ነበርኩ፤ አሁንም ትክክል ነኝ።

በሞጁል ዘጠኝ የኮራሁትን ያህል በሌላ ሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሰዓት ውሃ ይጣላሉ። ሠልጣኙ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ተራው የማን እንደሆነ ያገኛል። ሊፈርድ ሲል፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሽማግሌ ይመጣል፤ ተራው ላልደረሰው የእህቱ ልጅ ይለምናል። ሠልጣኙ ሽማግሌውን አይሆንም ማለት አለበት። ከሁለት መቶ አራቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ይበልጥ እንዲከብድ ብዬ ለሽማግሌው የአያ ይግዛውን የራሳቸውን ፊትና ድምፅ ሰጠሁት።

«እኔው ለምኜ እኔው ላስቸግር?» ብለው አሁንም ሳቁ፤ አውራ ጣታቸውን ግን አኖሩበት። ያለ ባለሙያው ጣት የኮርስ አንድ መስመር አይለወጥም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጥር አሥራ ስምንት ቀን በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። አምስት ጠረጴዛ፣ አምስት መስታወት፣ አምስት ወንበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እስከ ሞጁል ስምንት አምስቱም ከዘጠና በላይ አመጡ፤ ለወይዘሮ ሶስና የምልከውን መልእክት በልቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሞጁል ዘጠኝ ተጀመረ። አንደኛ ደቂቃ፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። በአራተኛው አምስቱም መስታወቶች ባንዴ ጠቆሩ፤ ሠልጣኞቹም ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ተፈታኙ ቦታውን ለቋል» ይላል አንደኛው መስታወት። ሁለተኛውም። አምስቱም።

«የት ለቀቅሁ? እዚህ አይደለሁም እንዴ!» አለች ትርንጎ፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

ውጭ የተሰበሰቡት ገበሬዎች አልጮሁም። አንዱ ብቻ «ችግኙ ጫፉ ቢጫ ጀምሯል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ለቆመው ሰው። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከገዳሙ ጋር ተቀምጠን ቀረጻውን አየን። ስድስት ጊዜ አየሁት። የሠልጣኞቹን ዓይን አየሁ፣ አፋቸውን አየሁ፣ መልሳቸውን ሰማሁ። እንከን የለውም። ሰባተኛው አራተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ገዳሙ «የእንቅልፉም እንዲህ ነው የሚሆነው አሉ፤ ገና ዓይንሽን ስትከድኝ—» እያለ ድንገት ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«የትም።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

ወደ ታች ወደ ወንበሩ አየ፤ ራሱም ገረመው። «ሽማግሌ መጣ እኮ» አለ።

ቀረጻውን መለስኩት። አያ ይግዛው በመስታወቱ ብቅ ይላሉ። ትርንጎ «ኖር!» ትላለች፤ ትነሳለች። አምስቱም ይነሳሉ። መስታወቱ የሚጠቁረው ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት በዓይኔ እያየሁ፣ መስታወቱ ስለጠቆረ የተነሱ መስሎኝ ነበር። መስታወት የሚጠብቀው ፊትን ነው፤ ፊት ካጣ ሰውየው ሄዷል ብሎ ይዘጋል። የቆመ ሰው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ላለ መስታወት ሆድ ብቻ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ጻፍኩት፦ «ሽማግሌ ሲመጣ ከወንበርዎ አይነሱ።» ጣት ለማስደረግ ወደ ቦዩ ይዤው ሮጥኩ።

አያ ይግዛው ሁለቴ አስነበቡኝ። «ይህን አልፈርምም» አሉ።

«አያ ይግዛው፣ መስታወት እኮ ነው። እርስዎ አይደሉም።»

«ፊቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ድምፁስ?»

«የእርስዎ ነው፤ ግን—»

«እስኪ ልጠይቅሽ። አይሆንም ስላቸው ለምን ይመስልሻል የሚሰሙኝ? ጠመንጃ አለኝ? ዱላ እንኳ አልይዝም። ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ አከብረዋለሁ። ካከበርኩት በኋላ ነው የምከለክለው። ሳይከበር የተከለከለ ሰው ማታውኑ መጥቶ ቦዩን ይንደዋል።»

«ይህን ስምንት ቀን ሙሉ አልነገሩኝም!»

«አልጠየቅሽኝም።»

እዚህ ላይ አፌ አመለጠኝ። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ችግኙ ሊደርቅበት ነው፣ እርስዎ በመነሳት በመቀመጥ ይከራከሩኛል!»

«ይድረቅ» አሉ። ረጋ ብለው ነው ያሉት። «ሽንኩርት ከርሞም ይተከላል። ይህን የተማረ ሰው ግን ከርሞም አይታረምም።» ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

ለወይዘሮ ሶስና ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። «ፊቱን በጎረምሳ ቀይሪውና ጨርሺ» አሉ። «ለጎረምሳ ማንም አይነሳም።»

«ጎረምሳንማ ማንም አይሆንም ይለዋል። እሱ ፈተና አይደለም።»

«ስለናት፣ አሁን የምትሠሪው ሥራሽን ነው ወይስ ኩራትሽን?»

«ለያይቼ ሠርቼ አላውቅም።»

ይህን ካልኩ በኋላ የሚደረገውን ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅሁም። የማደርገው ሲጠፋኝ የራሴን ሥራ እንደ ጠላት ሥራ ነው የማነበው፤ ሁለት መቶ አራቱን ነጥቦች ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ቆመ። ሄደ። ጎነበሰ። ተሻገረ። ቆመ። ጠራ። ጠበቀ። ቆመ። እስከ መጨረሻው ወረድኩ፤ «ተቀመጠ» የሚል አንድም ቦታ የለም። ውሃ የሚያከፋፍል ሰው አይቀመጥም። ታዲያ እነዚህን ሰዎች ወንበር ላይ ማን አስቀመጣቸው? እኔ። ለምን? በአገሩ ያለ ኮርስ ሁሉ ተቀምጦ ስለሚፈተን። የሌሎችን ስንፍና በመቶ አሥራ አራት ደብዳቤ ስዘረዝር ኖሬ የራሴ ስንፍና ከሥሬ ተቀምጦ አላየሁትም።

ከደብዳቤዎቼ አንዱ ስለ ፀጉር አስተካካዮች ነበር። እነሱ ቆመው ነው የሚፈተኑት፤ እኔ ያማረርኩት መስታወቱ አጭር ሰው እንዳይደርስበት ተደርጎ ስለሚሰቀል ነው። ስለዚህ ቦታው የት እንዳለ አውቃለሁ። በኮርሱ ማዋቀሪያ ውስጥ፣ ታች፣ «የተፈታኙ ሁኔታ» የሚል ማንም የማይነካው ሳጥን አለ። ከፈትኩት። «ተቀምጦ» የሚለውን አጥፍቼ «ቆሞ» አልኩ። ከዚያ ሁለት መቶ አምስተኛ ነጥብ ጨመርኩ፦ «መጀመሪያ እጅ ይንሱ። ከዚያ አይሆንም ይበሉ።»

አያ ይግዛው አንዴ ብቻ ነው ያስነበቡኝ። አውራ ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና አኖሩ። «አሁን እኔን መሰለ» አሉ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ የጠበቁም አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሙከራ ጥር ሃያ ሰባት ሆነ። መስታወቶቹን በየሠልጣኙ ቁመት ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ገዳሙ ሚስማር እያቀበለ ስለ ትራስ ያወራል። ወንበሮቹን ደጅ አወጣንና የቀበሌው ሽማግሌዎች ተቀመጡባቸው። አያ ይግዛው በሩ ላይ ከእኔ ጎን ቆሙ።

አራተኛው ደቂቃ ደረሰ። አምስት አያ ይግዛው በአምስት መስታወት መጡ። አምስት ራስ ዝቅ አለ። ከሠልጣኞቹ በሰውነት ትልቁ፣ በጠባይ ትሑቱ መንገሻ ነው፤ እሱ እስከ ጉልበቱ ጎነበሰ። መስታወቱ ፊቱን ፈለገ፤ አጣ፤ ጠቆረ።

«ምነው መንገሻ!» አልኩ በጥርሴ መሃል።

«አስተዳደጉ ነው፤ አትቆጭው» አሉ አያ ይግዛው።

አራት ቀሩ። ከእንግዲህ አንድም ሰው መውደቅ አይችልም። ለእኔ የምትቀርበኝ ትርንጎ ስለነበረች የሰማሁት የእሷን ነው።

«ልጄ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምለምንሽ» ይላል በመስታወቱ ያለው አያ ይግዛው።

«አባባ፣ እርስዎን መከልከል ይከብደኛል።»

«እንግዲያው አትከልክይኛ።»

«እከለክልዎታለሁ። ውሃው የጎረቤቱ ነው። እሱ አጠጥቶ ሲጨርስ ይምጡ፤ ያኔም ተራው የሌላ ሰው ስለሚሆን፣ ቡና ጠጥተን እንለያያለን።»

«ያችን መጨረሻዋን እኔ አላስተማርኳትም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እኔም አላስተማርኳትም» አሉ አያ ይግዛው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን የትኛውም ሞጁል ውስጥ ማስገባት አልችልም፤ ሞክሬ ነው የምለው።

አራቱ መስታወቶች ተራ በተራ አረንጓዴ አበሩ። ኮርሱ ጸደቀ። ደጅ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተነስተው ትርንጎን ተቀበሏት። ወይዘሮ ሶስና ሰላምታ ሳይዘሉ ብቅ አሉ፤ «እንኳን ደስ አለሽ። አንዴ ግን ወድቆብሻል» አሉኝ።

«ሁለተኛውን ይቁጠሩት» አልኳቸው።

የካቲት አንድ ጠዋት ቀበሌው በሙሉ ዋናው በር ላይ ነበር። ችግኝ በየጆንያው ታቅፎ መጥቷል፤ ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ትርንጎ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወረደችና እጇን ወደ በሩ አስጠጋች። የበሩ አረንጓዴ መብራት በራ። ሰው አጨበጨበ። ኮርሱ እንደሚለው መያዣውን ገፋችው።

በሩ አልተነቃነቀም።

በትከሻዋ ጨምራ ገፋች። ጭብጨባው ቆመ። እኔ ሞጁል አንድን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በልቤ መፈታታት ጀመርኩ።

«ወዲህ በይማ፣ ልጄ» አሉ አያ ይግዛው። ወረዱ፤ ጫማቸውን በሩ ግርጌ በግራ በኩል አሳረፉ፤ አንዴ ገፉት። በሩ ወለል አለ። ውሃው ደፍርሶ፣ ቅጠል እየነዳ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ማሳ ይዞ ሁለተኛው ውስጥ ገባ። ሰው ጆንያውን እየተሸከመ ተከተለው።

«መቆለፊያው አልለቀቀም ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የቱ መቆለፊያ?» አሉ አያ ይግዛው፤ ዓይናቸውን ከውሃው ላይ አላነሱም። «እሱንማ ካቻምና የነሐሴው ጎርፍ ወስዶታል፤ የተረፈው መብራቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ በር ለማንም እግር ይከፈታል።»